አራት ደቂቃ ለደምሴ

ረቡዕ፣ ማርች 16 ቀን 2005፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ሰዓቱን በግምት አልጻፍሁም፤ በሃይፋ፣ በካርሜል ተራራ ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የፊልም መመልከቻ ክፍል መዝገብ ላይ በራሴ እጅ አስፍሬ ፈርሜበታለሁ። ያን ጊዜ በዚያው ቤተ መጻሕፍት ግማሽ ቀን እየሠራሁ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን በቃል ግጥም ላይ አዘጋጅ ነበር። ክፍሉ ከሦስት ወንበር በላይ አይይዝም፤ ምንጣፉም አቧራ አቧራ ይል ነበር። መስኮቱ ግን ለጋስ ነው። ከታች ወሽመጡን፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ጭስ ማውጫዎች፣ ከዚያም ወዲያ ከኢትዮጵያ የመጡት የእኛ ሰዎች የሚኖሩባቸውን የክርያት ሐይምንና የክርያት ሞጽኪንን ሕንፃዎች እስከ አሸዋው ድረስ ያሳያል። መራቭ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ከውትድርና ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗት ፊልም ትማር ነበር። ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ፣ የሠራዊት ቦርሳ፣ ትከሻዋን የሚነካ ቀለበት መሳይ የጆሮ ጌጥ። በእጇ አንድ ዲስክ ይዛለች።

«ይታይሽ፣ አራት ደቂቃ ብቻ ናት» አለችኝ። «ነገ ማታ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ነው የምናሳየው። እስከዚያ ትርጉሙ ይደርሳል፣ ቤሰደር?» በዕብራይስጥ እሺ? ማለቷ ነው።

ይህን ቀን ያስታወሰኝ ያለፈው ወር ነው። በክርያት ሞጽኪን የባቡር ጣቢያ ቆሜ ሳለ ስሜን ያለ ምንም ማዕረግ የሚጠራ ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁና ዞር ሳልል ማን እንደ ሆነች ዐወቅሁ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል፤ መነጽር በሰንሰለት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አጠገቧ ጆሮዋን በማዳመጫ የደፈነች ልጅ ቆማለች። ልጅቷ ማዳመጫውን ግማሽ ያህል አንሥታ በዕብራይስጥ «እማ፣ ማን ናት?» አለቻት። መራቭም «የፊልሜን ምርጥ ትርጉም ጽፋ ያጠፋችው ሴት ናት» ብላ መለሰችላት። ባቡሩ እስኪመጣ ሰባት ደቂቃ ነበረን፤ ለልጅቷ ነገሩን ለማስረዳት አልበቃንም። እነሆ አሁን በሙሉ እጽፈዋለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ሃዳር በሚባለው የሃይፋ ወገብ ላይ አንድ የጎንደር ሰው ሱቅ ነበራቸው። በርበሬውን፣ የስልክ ካርዱንና ካሴቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚያስቀምጡ ከእሳቸው የገዛነው ዘፈን ሁሉ ቤት ገብቶ ሲከፈት ያስነጥስ ነበር። ካሴቱ አሥራ አምስት ሸቀል፣ በማዶ ያለው የሽምብራ ጥብስ፣ ፈላፍል፣ ከነቃሪያው አሥር ሸቀል ነው፤ ደመወዝ በገባ ቅዳሜ ማግስት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መግዛት የሚያስኮራ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ ሌላ መስሎ የሚለብስበት የፉሪም በዓል በተቃረበ ጊዜ ደግሞ የየሱቁ መስኮት በንግሥትና በሽፍታ ልብስ ይሞላል። እናቶቻችን ነጠላቸውን በወፍራም የክረምት ጃኬት ላይ ደርበው፣ በዚያ ሁሉ አልባሳት ፊት ዝግ ብለው ሲያልፉ ትዝ ይሉኛል። ልጆቻቸው ሌላ ነበሩ፤ ከሕንፃዎቹ ሥር ባሉት የቦምብ መጠለያዎች ውስጥ ከበሮና የድምፅ ማጉያ አስገብተው፣ ግድግዳው እስኪነዝር ድረስ በዕብራይስጥ እየገጠሙ ይዘፍኑ ነበር። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ፖሊስ ይጠራሉ፤ ፖሊሱ ይመጣል፤ አንዳንዴም ቁጭ ብሎ አንድ ዘፈን ሰምቶ ይሄዳል።

በዩኒቨርሲቲው በኩል ደግሞ መጠይቅ ይበዛብን ነበር። «ራስሽን ምን ብለሽ ትጠሪያለሽ? ከሚከተሉት አንዱን ምረጪ» ይላል ወረቀቱ፤ ከሥሩ አራት ባዶ ሣጥን። እኔ በልጅነቴ አዳሪ ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ ይታይሽን አንሥታ ያኤል ብላኝ፣ በሁለቱም ስም አቤት ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ሣጥኖቹን ሁልጊዜ ባዶ እተዋቸው ነበር። ሰው የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው በሣጥን ውስጥ በሚያኖረው ምልክት አይደለም፤ ሲሞት ማን በምን ቃል እንደሚያለቅስለት በማየት ነው። ይህንን በጽሑፌ መግቢያ ላይ አስፍሬው መምህሬ «ማስረጃ?» ብለው በቀይ ጽፈውበት ነበር። ማስረጃው በዚያች ረቡዕ በዲስክ መጣልኝ።

የመራቭ ፊልም አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያው ክፍል ወንድሟና ጓደኞቹ በመጠለያው ውስጥ ሲዘፍኑ ይታያል። በሁለተኛው መራቭ ራሷ በአውቶቡስ መስኮት ላይ የተንጸባረቀ ፊቷን እየቀረጸች ትናገራለች፦ «ሰዎች ከየት ነሽ ይሉኛል። ከክርያት ሐይም እላለሁ። ከዚያ በፊትስ? ይሉኛል። ከዚያ በፊት እናቴ ጀርባ ላይ ነበርሁ።» ሦስተኛው ክፍል የአያቷ ነው። እማማ ጥሩዬ በአገር ቤት ሳሉ ለቅሶ ቤት ሁሉ የሚጠሩ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። መራቭ ሁለት ወር ሙሉ ለካሜራ ሙሾ እንዲያወርዱላት ስትለምናቸው እንቢ ብለዋት ቆይተው፣ በዚያ ሳምንት በድንገት እሺ አሏት። የእኔ ድርሻ ይህንን ወደ ዕብራይስጥ መመለስ ነበር።

ዲስኩን ከፈትን። እማማ ጥሩዬ በረንዳቸው ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው የተሰጣ ልብስና ባሕሩ ይታያል። መራቭ ከድምፃቸው ሥር የወንድሟን ከበሮ አስገብታበታለች፤ ይህንን እንደ ሰማሁ ቅር አለኝ፣ ልቆጣትም አሰብሁ። ከዚያ ቃሉ መጣ።

ደምሴ የብርቄ ልጅ፥ የጎጆው ምሰሶ፣
አሸዋ ላይ ተኛ፥ ነጠላዬን ለብሶ።
እንባዬን ዋጥሁልህ፥ ጠላት እንዳይሰማ፣
ዛሬ ግን ላልቅስልህ፥ በባሕር ከተማ።

እርሳሴን አስቀመጥሁ።

«መራቭ፣ አቁሚው።»

«ምን ሆነ? ድምፁ ተበላሸ?»

«ደምሴ ማን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ?»

«የድሮ ሰው ነዋ። የግጥም ስም አይደለም?»

የግጥም ስም አልነበረም። እማማ ብርቄ ከእማማ ጥሩዬ ሁለት ሕንፃ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የበኩር ልጃቸው ደምሴ ከሃያ ዓመት በፊት፣ በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ሲመጡ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከስደተኞች መጠለያ ሰፈሩ ለሥራ ወጥቶ አልተመለሰም። ጠፋ እንጂ ሞተ ያላቸው ሰው የለም። አንዲት የጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበረቻቸው፤ እሷን በሃዳር አንድ ፎቶ ቤት ወስደው አስተለቋት፤ ባለ ፎቶ ቤቱም የልጁ አንገት ባዶ ሆኖ ስላልጣመው ኮትና ቀይ ከረባት ሣለበት። ደምሴ በሕይወቱ ከረባት አስሮ አያውቅም። እማማ ብርቄ ግን «ሲመጣ ይገዛለታል» ብለው በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። አዲስ መጤ ገባ በተባለ ቁጥር ፎቶግራፉን በፌስታል ጠቅልለው በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ «ይህን ልጅ በመንገድ አላያችሁትም?» ብለው ጠይቀው ይመለሳሉ። የጠፉ ሰዎችን ለሚያፈላልገው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ያጻፉት ደብዳቤ የእኔ የእጅ ሥራ ነው። ለሁለቱም «መረጃ የለንም» የሚል መልስ መጥቷል። ሦስተኛውን ለመጻፍ ለመጪው እሑድ ቀጠሮ ነበረን።

ይህን ሁሉ ለመራቭ ነገርኋት።

«ነገ እማማ ብርቄ ይመጣሉ?» አልኋት።

«ከሳቭታ ጋር፣ አንደኛው ረድፍ ላይ። ወንበሩ ላይ ስሟን ለጥፌያለሁ።» አያቷን በዕብራይስጥ ሳቭታ ነበር የምትላቸው። ወዲያውም «ትርጉሙ ላይ ስሙን ተይዋ» አለች።

«ዕብራይስጥ አያነቡም እኮ። የሚሰሙት አማርኛውን ነው።»

«ድምፁን ልዝጋው?»

«የእማማ ጥሩዬን አፍ እያዩ?»

«እንግዲያው ልቁረጠው» አለች። ከዚያም በቀጭን ድምፅ፣ «እሱን ከቆረጥሁ እኮ የሚቀረኝ የአውቶቡስ መስኮት ነው።»

እኔ በሰው ቤት ጉዳይ የማልገባ ሰው ነኝ። ተፈጥሮዬም አስተዳደጌም እንደዚያ ነው። «ቁረጪው» ብዬ መዝገቡን ዘግቼ ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰኝም። ነገር ግን የእሑዱ ደብዳቤ ፊቴ ተደቀነ። የሞተ መሆኑን እያወቅሁ «በሕይወት ካለ አድራሻውን እንድታሳውቁን» ብዬ ልጽፍ ነውን? ጃኬቴን አንሥቼ «ተነሺ፣ አያትሽ ዘንድ እንሂድ» አልኋት። ከተራራው ቁልቁል በሚወርደው አውቶቡስ እስከ ወሽመጡ ድረስ ወረድን። ማጣሪያውን ስናልፍ እንደ ወትሮው ያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ገባ፤ ዛሬም ሲሸተኝ የመራቭ ጉልበት ከመቀመጫው ጋር ሲጋጭ እሰማለሁ።

እማማ ጥሩዬ ጎመን እየቀነጠሱ ቴሌቪዥን ይመለከቱ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣ «ሱሪሽን ሳብ አድርጊው፤ ኩላሊትሽን ብርድ ይመታዋል» አሏት። ከዚያ እኔን አይተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

«እማማ፣ ደምሴን የቀበሩት እርስዎ ነዎት?» አልሁ። እንዴት እንዲህ በቀጥታ እንደ ጠየቅሁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እጃቸውን በቀሚሳቸው ላይ አበሱ። «ለፈረንጆቹ ነው ብላኝ እኮ ነው» አሉ ወደ መራቭ እየጠቆሙ። «ለመምህሮቿ። ማን ሰምቶ ማን ይለየዋል ብዬ። ብርቄ መጠራቷን መች ዐወቅሁ።»

«እኔ ደግሞ ሳቭታ የምትለውን ከሰፈሩ ሰው ማን ያዳምጣል ብዬ» አለች መራቭ። «ሁሉም ትርጉሙን የሚያነብ መስሎኝ።»

ሁለቱም አማርኛውን የተዘጋ በር አድርገው ነበር የቈጠሩት፤ አንዷ ከውስጥ፣ አንዷ ከውጭ።

«ታዲያ ስንት የተለቀሰለት ሰው እያለ ስለ ምን ደምሴን?» አልኋቸው።

«የተለቀሰለትንማ እንዴት ደግሜ ላልቅሰው? ሟች የሌለበት ሙሾ ማውረድ ከቤት ሰው ለሞት መጥራት ነው። በዚህ ቤት ወታደር ልጅ አለ፤ ታናሿ ድንበር ላይ ነው ያለው። በባዶው ባወርድ በማን ላይ ይውረድ? ሁለት ወር እንቢ አልኋት፤ አለቀሰችብኝ፤ ትምህርቴ ይቀርብኛል አለችኝ። እንግዲህ ያልተለቀሰለት ሬሳ መፈለግ ነበረብኝ። ሩቅም አልሄድሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ወባ ነው የጣለው። ከሰፈሩ ውጭ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በዚህ እጄ ነው አሸዋውን ያለበስሁት። አይሁድ መሆናችንን ደብቀን ነበርና ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ የለም። ብርቄ ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ ጡቷ እንዳይደርቅ፣ ኢየሩሳሌም ስንገባ እንነግራታለን ተባባልን። ገባን። ቤት እስክታገኝ አልን። ከዚያ ልጆቿ እስኪዳሩ። ከዚያ ደም ግፊቱ። በየዓመቱ አንድ ምክንያት እናገኛለን።»

ምሽት ሳይገባ የሰፈራችን ቄስ አባ ይርዳው ተጠርተው መጡ። እሳቸውም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር። መራቭ በችኮላ ወንበር ስባ «አባ፣ አንተ እዚህ ቁጭ በል» አለቻቸው።

«ይህች ልጅ ከፈጣሪዋም ጋር አንተ እየተባባለች ነው መሰለኝ የምትኖረው» አሉ አባ።

«ፈጣሪንማ ሁላችንም አንተ ነው የምንለው፤ እርስዎም ጭምር» አሏቸው እማማ ጥሩዬ። ለቅጽበት ሳቅን። ከዚያ ነገሩን ሰሙና ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ይቆረጥ» አሉ። «ሃያ ዓመት ያቆየነውን ለአንድ ፊልም ብለን አናወጣውም። ሴትዮዋ በተስፋዋ ነው የቆመችው።»

እማማ ጥሩዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መራቭ አንገቷን ደፋች። ነገሩ ያለቀ መሰለ። እኔ በሽማግሌ ንግግር ላይ ቃል ጨምሬ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ጨመርሁ።

«አባ፣ እሑድ ሦስተኛውን ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ቀጠሮ አለኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

አባ ይርዳው ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ነገ» አሉ፣ «ፀሐይ ሳትወጣ። እህል ሳትቀምስ፣ ከቤቷም ሳትወጣ። ጥሩዬ፣ ነጠላሽን አዘጋጂ። አንቺም ትመጫለሽ፣ የደብዳቤዋ ልጅ።»

ቤቴ ገብቼ እጄ አላርፍ ስላለኝ እየተመላለሱ የሚወርዱትን አራቱን ስንኝ ተረጐምኋቸው። የፊልም ትርጉም ጠባብ ነው፤ በአንድ መስመር ከሠላሳ ጥቂት የሚበልጥ ፊደል ብቻ ይፈቅዳል፤ አንባቢው ዓይኑን ወደ ፊት እንዲመልስ ጊዜ መተው ያስፈልጋል። ቃል እየጣልሁ፣ እየመለስሁ፣ ቤት የሚመታውን ከነትርጉሙ አገኘሁት። ለመራቭ በኢሜይል ላክሁላት፤ እሷም ሌሊቱን ከምስሉ ሥር አስገባችው። በሥራዬ የማልጠራጠርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በዚያ ግን አልተጠራጠርሁም።

በነጋው ከንጋቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል የሕንፃውን ደረጃ ወጣን፦ አባ ይርዳው፣ እማማ ጥሩዬ፣ መራቭና እኔ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለብሰናል። መራቭ የአያቷን ነጠላ ተውሳ በጂንሱ ላይ ደርባዋለች፤ ጥለቱን ወዴት እንደምታዞረው ደረጃው ላይ ቆሜ አስተካከልሁላት። እማማ ብርቄ በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩን። ከሁላችን መጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ይታይሽ» አሉ፣ «የደብዳቤው መልስ መጣ?»

«መጣ፣ እማማ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ የእኛ ሰው ያውቀዋል፤ መጻፍ አያሻም። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ወርዶ በሳሎኑ መካከል፣ ጠረጴዛ ላይ ቆመ፤ ያ ቀይ ከረባት በዚያ ሁሉ ነጭ መካከል ደምቆ ይታያል። ረፋዱ ላይ ለቅሶው ጋብ ሲል እማማ ብርቄ እማማ ጥሩዬን እጃቸውን ያዙ። ለምን ደበቅሽኝ ይላሉ ብለን ሁላችንም ጠበቅን።

«ማን አለቀሰለት?» አሉ።

«ማንም። ድምፅ ማውጣት አልተቻለም ነበር» አሉ እማማ ጥሩዬ። «በዚህ ሳምንት ነው ያለቀስሁለት። በዚህች ልጅ ሣጥን ውስጥ።»

«እንግዲያው የልጄ ለቅሶ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው?» እማማ ብርቄ ወደ መራቭ ዞሩ። «አምጪው።»

መራቭ ላፕቶፗን ከፎቶግራፉ አጠገብ ከፈተች። አራቱ ደቂቃ አለፉ፤ እማማ ብርቄ «ድገሚው» አሉ፤ ተደገመ። ሲያበቃ፣ «ከሥር የሚመታው ምንድን ነው?»

«ወንድሜና ጓደኞቹ ናቸው፣ መጠለያው ውስጥ» አለች መራቭ። «ለለቅሶ ካልሆነ አወጣዋለሁ፣ አሁኑኑ አወጣዋለሁ።»

«አታውጪው። ልጄ ያን ጊዜ ድምፅ አላገኘም፤ አሁን ያግኝ።» አባ ይርዳውም፣ በአገራችንም ለትልቅ ሰው ለቅሶ ነጋሪት ይመታ እንደ ነበር ተናገሩ።

«ከታች የሚሮጠው ነጭ ጽሑፍስ?» አሉ እማማ ብርቄ።

«ትርጉሙ ነው፣ ዕብራይስጡ» አልሁ። «እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

«ጥሩ ነው?»

እንደ ወትሮዬ «ደኅና ነው» ማለት ነበረብኝ። «እስከ ዛሬ ከጻፍሁት ሁሉ ይበልጣል» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ። አጥፊው።» እጃቸውን በፎቶግራፉ መስተዋት ላይ አሳለፉ። «ሃያ ዓመት በማላነበው ጽሑፍ ስፈልገው ኖርሁ። አሁን በእኔ አፍ፣ በአማርኛው ብቻ ይሁን። ያልገባው ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ይጠይቅ።»

«እኔስ?» አለች መራቭ። ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ማልቀስ ጀምራ ነበር። «እኔም እኮ ሁሉም አልገባኝም።»

እማማ ብርቄ እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

ሐሙስ ጠዋት የተወሰነው ይህ ነው፦ ፊልሙ የዚያን ዕለት ማታ ቀርቶ በሰባተኛው ቀን በዚያው አዳራሽ እንዲታይ፤ ከበሮው እንዲቆይ፤ ከአራቱ ደቂቃ ላይ ፊደሉ በሙሉ እንዲነሣ፤ መራቭም ከኋላ፣ ከማሳያው ማሽን አጠገብ የለጠፈችውን የራሷን ስም አንሥታ በአንደኛው ረድፍ፣ ከእማማ ብርቄ ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ እንድትለጥፈው።